ለእናቴ የትኛውን ማዕከል ልምረጥላት?

እባካችሁ ምከሩኝ፣ ጨንቆኛል። እናቴ ስትሮክ መቷት ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ ብሏታል። ከሆስፒታል ልትወጣ ስለሆነ ፊዚዮቴራፒና የነርስ እንክብካቤ ያለው ማዕከል ፈልጉላት ተባልን።

ሁለት ቦታ አየሁ። የአንደኛው ወለል ያብረቀርቃል። ግን አንድ አዛውንት የጥሪ ደወል ተጭነው 20 ደቂቃ ሙሉ ማንም አልመጣላቸውም። በመጨረሻ እኔው ሄጄ ነርስ ጠራሁላቸው። ሁለተኛው ቤት አርጅቷል፤ ነርሷ ግን ታካሚዎቹን በየስማቸው ነው የምትጠራቸው። ልቤ ወደዚያ አደላ።

የሚያስፈራኝ ሌሊቱ ነው። እናቴ ራሷን ማገላበጥ አትችልም። በየ2 ሰዓቱ ገደማ ካላገላበጧት ገላዋ ይቆስላል። ሌሊት ስንት ነርስ እንዳለ ስጠይቅ ሁለቱም «በቂ አለ» ብቻ አሉኝ። ይህን እንዴት ላጣራ? ፊዚዮቴራፒው በትክክል መሰጠቱንስ በምን ልወቅ? በዚህ ያለፋችሁ፣ ምን አይታችሁ ወሰናችሁ?