የአባቴ ፕራዶ ሐረጎ ላይ ያንኳኳል፤ ካምቢዮው ይውረድ ተባለ

ጠያቂ፣ ከሚኒሶታ

ሰላም ለሁላችሁ። የወሎ ልጆች፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ። አባቴ የሚኖረው ደሴ ነው። እኔና እህቴ ተጋግዘን የገዛንለት ፕራዶ 120 አለው። ሰሞኑን ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ከሥር «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ነዳጅ ሲለቅ አንዴ፣ መልሶ ሲረግጥ አንዴ። ከ80 በላይ ሲነዳ ደግሞ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ጋራዥ ሲወስደው «ካምቢዮው ወርዶ መታየት አለበት» አሉት፤ የማርሽ ሳጥኑን ማለታቸው ነው። የጠየቁት ገንዘብ ቀላል አይደለም። ታናሽ ወንድሜ እዚያው አለ፣ መፍታትና መግጠም ይወዳል። ገንዘቡን ልላክ ወይስ በፊት የሚታይ ነገር አለ?

መልስ፣ ከኮምቦልቻ

ወንድማለም፣ አብሽር። ገንዘቡን ገና አትላክ።

እኔ ብዙ ዓመት ውጭ ኖሬ ነው ኮምቦልቻ የተመለስኩት። መኪና መፍታትም የተማርኩት እዚያው በረንዳዬ ላይ ነው፣ የጋራዡ የሰዓት ክፍያ አልቀመስ ሲል። ስለዚህ የሁለታችሁም ጭንቀት ይገባኛል፤ የአንተም የላኪው፣ የወንድምህም የተቀባዩ።

የነገርከን ምልክት መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ካምቢዮውን አይደለም። የፊት ሻፍቱን ነው። ከካምቢዮው ኋላ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍል ክፍል አለ አይደል? ከዚያ ተነስቶ ወደ ፊት ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ ወደሚያካፍለው) የሚሄደው ዘንግ ማለቴ ነው። በሁለቱም ጫፉ ክሮቸራ አለው፣ መስቀል የሚመስል መታጠፊያ መጋጠሚያ። መሀሉ ደግሞ ጥርስ በጥርስ ገብቶ የሚረዝምና የሚያጥር ነው፤ መኪናው ጉድጓድ ሲገባና ሲወጣ ርቀቱ ስለሚለዋወጥ። ክሮቸራው ሲበላ ወይም ጥርሱ ሲደርቅ ክፍተት ይፈጠራል።

ሐረጎ ላይ ጎልቶ የሚሰማውም በምክንያት ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነች፣ ኮምቦልቻ 1,850 ግድም። ያን ሁሉ ቁልቁለት መኪናው በሞተር ተይዞ ሲወርድ ሻፍቱን የሚያዞረው ጎማው ነው። ነዳጅ ሲረገጥ ደግሞ ሞተሩ ያዞረዋል። ጉልበቱ አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር ብረቱ በዚያች ክፍተት ውስጥ ይላተማል። ሜዳ ላይ ድምፁን ያጠፋ ሻፍት ቁልቁለት ላይ ይናገራል።

ሌላ ሊሆን አይችልም ማለቴ አይደለም። መሪው እስከ ጥግ ተጠምዝዞ ሲዞር ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ሰሚያስ ነው፣ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ። እንደ ንብ የሚያጉረመርምና መሪ ወደ አንድ ወገን ሲዘነብል የሚለወጥ ከሆነ የጎማ ኩሽኔታ ነው። የካምቢዮ ጎሚኒ (የሚቀመጥበት ላስቲክ) ሲበጠስም ያንኳኳል፣ እሱንም በዓይን ማየት ነው። ግን ማንኳኳትና በፍጥነት መንቀጥቀጥ አብረው ሲመጡ እኔ መጀመሪያ እጄን የምሰደው ወደ ሻፍቱ ነው።

አሁን ለወንድምህ። መኪናው ደልዳላ ቦታ ይቁም። ደሴ ውስጥ ደልዳላ ግቢ እንደልብ አይገኝም፣ ቢሆንም ይፈለግ፤ ተዳፋት ላይ ይህ ሥራ አይሠራም። የኋላ ጎማዎች በፊትም በኋላም ታኮ ይደረግላቸው። የእጅ ፍሬን በደንብ ይሳብ። ሥር ለመግባት ማንሳት ካስፈለገ ክሪኩ ማንሻ ብቻ ነው፣ የሚሸከመው ጠንካራ የብረት ማቆሚያ መሆን አለበት። ብሎኬት አይሁን፣ ሳይታሰብ ይፈረካከሳል። ይህን አጥብቄ የምለው ክሪክ ተንሸራቶ ሰው ስለሚሞት ነው። ማቆሚያ ከሌለ ሥራው ከሚጀመር ቢቀር ይሻላል።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምር። ፕራዶው ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ዓይነት ከሆነ፣ የፊት ሻፍቱ ከተፈታ በኋላ አውቶማቲኩ «ፒ» ላይ መሆኑ ወይም ማርሽ ውስጥ መግባቱ መኪናውን አይይዘውም። መሀል ያለው ዲፈረንሻል ጉልበቱን ወደ ተፈታው በኩል ይለቀዋል፣ መኪናውም ይሄዳል። ታኮውና የእጅ ፍሬኑ ናቸው የሚያድኑት።

ሳይፈታ በፊት ይዳሰስ። አንዱ እጅ ከክሮቸራው ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ይዞ በተቃራኒ አቅጣጫ መጠምዘዝ፣ ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች መግፋት። ጤነኛ ክሮቸራ ምንም መላወስ የለውም። ትንሽ እንኳ ከተላወሰ አብቅቷል። የክሮቸራው ቆቦች ዙሪያ እንደ በርበሬ ቀይ የሆነ የዝገት ዱቄት ካየ ደግሞ ውስጡ ያሉት መርፌዎች ግራሶ አጥተው ደርቀዋል ማለት ነው።

ከዚያ መፍታት። ከሁሉ በፊት ግን ምልክት ያድርግ። ሻፍቱ ከዲፈረንሻሉ ጋር የተገናኘበትን፣ ከማከፋፈያው ጋር የተገናኘበትን፣ መሀል ጥርሱ የገባበትንም በነጭ ቀለም አንድ አንድ መስመር። ሻፍቱ በፋብሪካ ሚዛኑ ተስተካክሎ የወጣ ነው። ተዛንፎ ከተገጠመ አዲስ ክሮቸራ ገብቶለትም ይንቀጠቀጣል። በላዩ የተበየዱ ትናንሽ ብረቶች ካሉም ሚዛን ናቸውና በመዶሻ እንዳይነኩ።

በየጫፉ አራት አራት ዳዶ አለ፣ ቁልፉ 14 ነው። የዛገ ከሆነ የዝገት ማላቀቂያ ረጭቶ ሻይ ጠጥቶ ይመለስ። የጎን ቁልፍ ዳዶውን ያከብበዋል፣ ባለ ስድስት ጎን ቡሶላ ይጠቀም። አንዱን ጫፍ ፈትቶ ሌላው ላይ አያንጠልጥለው፣ የሚደግፍለት ሰው ይኑር።

አሁን ወሳኙ ሙከራ። ሻፍቱ ወጥቷል። የማከፋፈያው ማንሻ የመሀሉን ዲፈረንሻል የሚቆልፈው ቦታ ላይ ይግባ፣ «ኤች ኤል» የሚለው። ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ መብራቱን አይቶ በቀስታ ሰፈሩን ይዙር። መኪናው በኋላ ጎማ ብቻ ይሄዳል። ድምፁ ከጠፋ ጥፋተኛው ተገኝቷል፣ ካምቢዮም አይወርድም። ካልጠፋ ሻፍቱን መልሶ የኋላውን ሻፍትና ጎሚኒዎቹን ይይ። ሙከራው ለአጭር ሜዳ መንገድ ነው። እንዲህ ሆኖ ሐረጎን እንዳይወርድ።

እህት፣ ከዴንቨር

ጋሼ፣ ይቅርታ በመሀል ልግባ። የኔም መኪና ሁሉም ጎማ የሚነዳ ነው፣ ግን ሻፍቱ ላይ ክሮቸራ ሳይሆን መጋጠሚያውን የሸፈነ ላስቲክ ነው የሚታየው። ተቀድዶ ግራሶው ሁሉ ተረጭቷል። ባለቤቴ ራሱ ሊቀይረው ይፈልጋል። ይቻላል?

መልስ፣ ከኮምቦልቻ

ይቻላል እህታለም። ያንቺ ዓይነቱ ውስጡ ኳስ ያለበት መጋጠሚያ ነው። ብዙ ጊዜ ጭስ ማውጫው አጠገብ ስለሚያልፍ ሙቀቱ ላስቲኩን አድርቆ ይሰነጥቀዋል። ግራሶው ወጥቶ ድምፅ ከጀመረ በኋላ መሸፈኛውን ብቻ መቀየር አያዋጣም፣ ሻፍቱን በሙሉ ቀይሩት። ሁለት ነገር ብቻ ልንገርሽ። ቡሎኖቹ አዲስ ይሁኑ፣ በመመሪያው ልክም ይጠበቁ። ደግሞም ከላይ የጻፍኩትን ሻፍት አውጥቶ የመንዳት ሙከራ እናንተ አትሞክሩት። መሀሉን በእጅ መቆለፍ የማይቻልበት መኪና ላይ ማከፋፈያውን ሊጎዳው ይችላል።

ጠያቂ፣ ከሚኒሶታ

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ወንድሜ ከጎረቤት ልጅ ጋር ሆኖ ቅዳሜ ፈታው። ድምፁ ጥፍት አለ። በዲፈረንሻሉ በኩል ያለው ክሮቸራ በአንድ በኩል ጭራሽ አይታጠፍም፣ ያሉት ቀይ ዱቄትም አለ። አባቴ ካምቢዮው መትረፉን ሲሰማ ዱዓ አደረገልዎት። ሙሉ ሻፍት ከዚህ ገዝቼ ሰው ላይ ልላክ ወይስ?

መልስ፣ ከኮምቦልቻ

አሚን፣ አሚን። አባትህን ሰላም በልልኝ።

ሙሉ ሻፍት ከመግዛትህ በፊት ወንድምህ መሀሉን ጥርስ ይፈትሽ። ገባ ወጣ አድርጎ፣ ከዚያ ጠምዝዞ። የሚላወስ ከሆነ ሻፍቱ ራሱ ይቀየራል፣ ምርጫ የለም። ጥርሱ ደህና ከሆነ ግን ሁለቱን ክሮቸራዎች ብቻ መቀየር ይበቃል። አንዱ ደህና ቢመስል እንኳ ሁለቱንም፤ የሠሩት እኩል ነው። ይህ በሞርሳና በቡሶላ የሚሠራ ነው። ወንድምህ ካልደፈረው ሻፍቱን ተሸክሞ ቶርኖ ቤት ይውሰደው፣ እንኳን ደሴ እዚህም በደንብ የሚያስገቡ ልጆች አሉ። ሲገባ መርፌዎቹ አንዳቸውም እንዳይወድቁ፣ መያዣ ቀለበቶቹም ቦታቸው ላይ ቁጭ ማለታቸው ይታይ። ክሮቸራዎቹን የያዙት ሁለቱ ሹካዎች ደግሞ እንደነበሩበት ይመለሱ፣ ምልክቱ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ከውጭ ዕቃ ስትገዛ «ፕራዶ 120» ብለህ አትግዛ። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እንዲህ ነው። አንድ ስም ይዞ በሞተሩ፣ በካምቢዮውና በተሠራበት ገበያ ሻፍቱ ይለያያል። ወንድምህ የሊብሬውን የቻሲስ ቁጥርና ራሱ መኪናው ላይ የተመታውን በፎቶ ይላክልህ። የክሮቸራውንም ቆብ ስፋትና ከጫፍ ጫፍ ርዝመቱን ለክቶ ይላክ። ቁጥሩና ልኩ ሲገጥም ግዛ። ርካሽ ክሮቸራ ዓመት ሳይሞላው ይመለሳል፣ ገንዘብ መቆጠቢያው እሱ አይደለም። ሁለት ክሮቸራ በማንም ሻንጣ ጥግ ይገባል። ያገለገለ ሻፍት ግራሶውን ይዞ ግን የሰው ልብስ ያበላሻልና አታሸክም።

ለጋራዡ ክፋት አላስብም። ግን ከሩቅ ሆነን ገንዘብ የምንልክ ሰዎች ትልቁን ጥገና ቶሎ እሺ እንላለን፣ ርቀቱ ስለሚያስፈራን። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር ቤት እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለንን መኪና መጠበቅ ግድ ሆኗል። ወላጆቻችን የያዙት ፕራዶ ገና ብዙ ክረምት ሊያገለግላቸው ይችላል፣ ቤት ያለው ልጅ ሻፍቱን መዳሰስ ከተማረ።

ሲገጠም ዳዶዎቹ በመስቀለኛ ተራ ይጠበቁ። ግራሶ ማስገቢያ ካለው ክሮቸራዎቹ አዲሱ ግራሶ በቆቦቹ ጠርዝ ብቅ እስኪል ይሞላ። የመሀሉ ጥርስ ግን ትንሽ ነው የሚበቃው። ከሞላ ሻፍቱ ማጠር ያቅተውና ኩሽኔታዎቹን ይገፋል። ኮምቦልቻ ደርሶ ሲመለስ ስምንቱንም ዳዶ አንዴ ይፈትሻቸው። ከዚያ በየዘይት ቅያሬው ግራሶ፣ ወንዝ ወይም ጭቃ ውስጥ ከገባ ደግሞ በማግሥቱ። ፎቶው ሲደርስህ እዚህ ለጥፈው፣ ቁጥሩን አብረን እናያለን።