እባክሽ ለላይሰንስ ብለሽ ገንዘብ አትላኪ

እህቴ፣ ትናንት ማታ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንግሊዝ አገር ያለ ድርጅት ሊቀጥርሽ ተስማምቷል፤ ግን «ላይሰንስ ለማውጣት የበኩልሽን አዋጪ» ብሎሻል። ገንዘቡን ገና አልላክሽም። እባክሽ አትላኪ።

እኔ እዚሁ እንግሊዝ በአንድ ትንሽ ድርጅት ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። ድርጅቱ ላይሰንሱን፣ ማለትም ከውጭ ሠራተኛ የማስመጣት ፈቃዱን ሲያወጣ ሰነዱን ከአለቃዬ ጋር ሆኜ ያሰባሰብኩት እኔ ነኝ። የምነግርሽ ያለፍኩበትን ነው።

ሰው ሁሉ ሁለት ነገር ያምታታል። ላይሰንሱ የድርጅቱ ነው። ሆም ኦፊስ የሚባለው የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ለአሠሪው «ከውጭ ሠራተኛ ማስመጣት ትችላለህ» ብሎ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ሰርተፊኬት ኦፍ ስፖንሰርሺፕ የሚባለው ደግሞ ፈቃዱ ያለው ድርጅት በአንቺ ስም የሚያወጣልሽ ነው። ስሙ ሰርተፊኬት ይሁን እንጂ በኮምፒዩተር የሚሞላ መዝገብ ነው። አንቺ የሚያስፈልግሽ ቁጥሩ ነው፤ በዚያ ቁጥር በ3 ወር ውስጥ ለቪዛ ታመለክቻለሽ። ማኅተም የተመታበት፣ ዘውድ የተሳለበት የሚያምር ወረቀት በቴሌግራም የላከልሽ ሰው ካለ እሱን ጠርጥሪው።

አሠሪው ማመልከቻውን በኦንላይን ይሞላል፣ ይከፍላል፣ ከዚያ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ሰነዶቹን ይልካል። አብዛኛው ድርጅት ቢያንስ 4 ሰነድ ይጠየቃል፤ እኛ የላክነው የባንክ፣ የግብር ምዝገባ፣ የሠራተኛ ኢንሹራንስና የመሳሰሉትን ነው። ክፍያው በኤፕሪል 2025 ለትንሽ ድርጅት 574፣ ለትልቅ 1,579 ፓውንድ ሆኖ ነበር። መልስ ብዙውን ጊዜ ከ8 ሳምንት ባነሰ ጊዜ ይመጣል። ድሮ ሥራውን መጀመሪያ ለአገሬው ሰው ማስታወቂያ አውጥተህ ማሳየት ግዴታ ነበር፤ እሱ በዲሴምበር 2020 ቀርቷል። ሥራው ግን እውነተኛ መሆን አለበት።

ከባዱ ወረቀቱ አልነበረም። ከሆም ኦፊስ እኛን ሊያዩን መጡ። መርማሪዋ አንድ ጥግ ላይ ተቀምጣ የጠየቀችው አንድ ቀላል ነገር ነው፦ «ሠራተኛ ሳያስፈቅድ ቢቀር በምን ታውቃላችሁ?» አለቃዬ «እኔ አውቃለሁ» አለ። እሷም «አንተ በሌለህበት ቀንስ?» አለችው። ዝም አለ። የቀሪ መዝገብ አልነበረንም! በዚያው ሳምንት ሠርተን ላክን። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ስፖንሰር የተደረገ፣ ማለትም ድርጅቱ በፈቃዱ ከውጭ ያስመጣው ሰው 10 የሥራ ቀን በተከታታይ ያለ ፈቃድ ከቀረ ድርጅቱ ለሆም ኦፊስ ማሳወቅ አለበት። አድራሻሽን፣ ስልክሽን፣ ደሞዝሽን በፋይል ይዞ ሲጠየቅ ማውጣት አለበት። ይህን የማይችል አሠሪ ፈቃዱን ቢያገኝም አያቆየውም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልመለስ። ከዲሴምበር 31፣ 2024 ጀምሮ አሠሪው የላይሰንሱን ወጪ ስኪልድ ወርከር በሚባለው የባለሙያ ሠራተኛ ቪዛ በሚመጣ ሰው ላይ መጣል አይችልም። የሰርተፊኬቱንም ክፍያ እንዲሁ። ሲያደርግ ከተገኘ ፈቃዱን ሊነጠቅ ይችላል። አሠሪው ከውጭ ሰው ሲያስመጣ ለመንግሥት የሚከፍለው ኢሚግሬሽን ስኪልስ ቻርጅ የሚባል ሌላ ክፍያም አለ፤ እሱንም ከሠራተኛው መቀበል ክልክል ነው። አንቺ በራስሽ የምትከፍይው የቪዛውንና የጤና አገልግሎቱን ክፍያ ነው፤ ጤናው በዓመት 1,035 ፓውንድ ነው። አንዳንድ አሠሪ ይህንንም ይሸፍናል። በደላላ በኩል «ለሰርተፊኬት» ተብሎ ብዙ ሺህ ፓውንድ የከፈሉ፣ ቤታቸውን የሸጡ ሰዎች አውቃለሁ። ይህን ስጽፍ ሆዴ ይቃጠላል።

ማጣራቱ ቀላል ነው፤ ነፃም ነው። ፈቃድ ያላቸው ድርጅቶች ዝርዝር በእንግሊዝ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ ለሁሉም ክፍት ነው። የድርጅቱን ሕጋዊ ስም ፈልጊ፤ በር ላይ የሚለጠፈው ስም ሌላ ሊሆን ይችላል። ከስሙ ጎን የተፈቀደለት የቪዛ ዓይነት ተጽፏል። ስኪልድ ወርከር የማይል ከሆነ በዚያ መንገድ ሊያመጣሽ አይችልም። ስሙን አገኘሽ ማለት ግን የጻፈልሽ እውነት እነሱ ናቸው ማለት አይደለም። አጭበርባሪዎች የታወቀ ድርጅት ስም ይዋሳሉ። ስልኩን ራስሽ ፈልገሽ ደውይ እንጂ እነሱ በሰጡሽ ቁጥር አትደውይ።

ስለ አረጋውያን እንክብካቤ ሥራ የጠየቅከኝ ወንድሜ፣ ለአንተ የምነግርህ ደስ አይልም። በዚያ ሥራ ከውጭ አዲስ ሰው ማስመጣት ከጁላይ 22፣ 2025 ጀምሮ ተዘግቷል። ዛሬ «ለኬር ወርክ ላይሰንስ አለን፣ ከአገር ቤት እናመጣሃለን» የሚልህ ሰው ውሸቱን ነው። በዚያው ቀን ለሌላውም ሥራ መነሻ ደሞዙ በዓመት ወደ 41,700 ፓውንድ ከፍ ብሏል፤ አንዳንድ ሙያ የተለየ መነሻ አለው፣ ከዚያ በላይ የሚጠየቅበትም አለ።

እዚህ ደርሳችሁ በዚህ ቪዛ የምትሠሩ ደግሞ የአሠሪያችሁን ፈቃድ በየጊዜው እዩት። ከተነጠቀ ብዙውን ጊዜ ሌላ ስፖንሰር ለማግኘት ያለው ጊዜ 60 ቀን ነው። በጣም አጭር ነው። ደብዳቤው እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ወሬውን እንደሰማችሁ መፈለግ ጀምሩ።

እህቴ፣ የድርጅቱን ስም በውስጥ ላኪልኝ። ነገ ከሥራ ስወጣ ዝርዝሩ ላይ አብረን እንፈልገዋለን።