ዳሬል ግሪን ማነው? በዚያ ሰውነት 20 ዓመት እንዴት ተጫወተ?

የአሌክሳንድሪያው አባት
ሰላም ቤቶች። የአሜሪካ ፉትቦል የሚገባችሁ ካላችሁ እስቲ እርዱኝ። ልጄ ዘንድሮ ሃይስኩል ገብቶ ቡድኑን ተቀላቀለ፣ ኮርነርባክ ነህ አሉት። አጭርና ቀጭን ስለሆነ "እነዚህ ሰዎች ይጨፈልቁሃል" ብዬ ልከለክለው ነበር። አሰልጣኙ ግን "ሂድና የዳሬል ግሪንን ቪዲዮ እይ" ብሎ ላከው። ከዚያ ወዲህ እቤት ሌላ ወሬ የለም። እዚህ ዲኤምቪ (ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰዎች ዘንድም ስሙን ካነሳህ ፊታቸው ይፈካል። ለኔ ኳስ ማለት በእግር የሚመታው ስለሆነ ነገሩ አልገባኝም። ሰውዬው ተከላካይ ነው አይደል? ተከላካይ እንዲህ የሚወደደው ምን አድርጎ ነው? 20 ዓመት ተጫወተ የሚባለውስ እውነት ነው?

አርኤፍኬ ያረጀሁ
እውነት ነው ወንድሜ። ከ1983 እስከ 2002 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ ሙሉ 20 የውድድር ዘመን፣ ያውም ለአንድ ቡድን። የዋሽንግተኑ ነው፣ ያኔ ሬድስኪንስ ይባል ነበር፣ አሁን ኮማንደርስ የሚባለው። ጫማውን ሲሰቅል 42 ዓመቱ ነበር።

መጀመሪያ ሥራውን ልንገርህ። ኮርነርባክ ዳር ላይ ቆሞ የተጋጣሚን ኳስ ተቀባይ የሚይዝ ነው። ተቀባዩ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፣ አንተ አታውቅም። እሱ ወደ ፊት ይሮጣል፣ አንተ ወደ ኋላ እያፈገፈግክ ትጀምርና እሱ በታጠፈበት ቅጽበት ታጥፈህ እኩል መድረስ አለብህ። በደንብ ከያዝከው ኳሱ ወደዚያ አይወረወርም፣ ካሜራም አያነሳህም። አንዴ ካመለጠህ ግን ስታዲየሙ በሙሉ አንተን ነው የሚያየው።

ግሪን የሂውስተን ልጅ ነው። ቴክሳስ ኤ ኤንድ አይ የምትባል ብዙ ሰው የማያውቃት ኮሌጅ ነው የተጫወተው። 100 ሜትር በ10.08 ሰከንድ ሮጧል፣ ይሄ የፉትቦል ተጫዋች ሰዓት አይደለም። ቁመቱ 5 ጫማ ከ9 ኢንች፣ ክብደቱ 84 ኪሎ ገደማ። በ1983 ድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት) 28ኛ ሆኖ ተመረጠ፣ የመጀመሪያው ዙር የመጨረሻው ሰው ማለት ነው። ከሱ ፊት 27ኛ የተጠራው ኋላ ዝነኛ ኳስ ወርዋሪ የሆነው ዳን ማሪኖ ነበር! ከዚያ 28 ቁጥርን ለብሶ እስከ መጨረሻው አላወለቀውም፣ ክለቡም በ2024 ሌላ ተጫዋች እንዳይለብሰው ቁጥሩን ከአገልግሎት አስወጣለት።

የመጀመሪያው የሊግ ጨዋታው ሰኞ ማታ አርኤፍኬ (ያኔ የዋሽንግተን ስታዲየም) ላይ ከዳላስ ጋር ነው። የዳላሱ ኮከብ ሯጭ ቶኒ ዶርሴት ኳሷን ይዞ አመለጠ። ዶርሴት ካመለጠ አለቀ፣ ሰውም ተስፋ ቆርጧል። ከኋላ አንድ ትንሽ ልጅ እየበረረ መጥቶ የግብ መስመሩ አፍ ላይ ጣለው። ዶርሴት 77 ያርድ (70 ሜትር ገደማ) ሮጦ ነው የተያዘው። ግሪን ከዚያ ቀን ጀምሮ የከተማው ልጅ ሆነ።

ቁጥር አይዋሽም
ጋሼ ይቅርታ አድርግልኝና ትንሽ አጋነንከው። ግሪን በ20 ዓመት 54 ኳስ ነጥቋል (ኢንተርሴፕሽን)። ሌላው ዝነኛ ኮርነርባክ ዲዮን ሳንደርስ በ14 ዓመት 53። ሒሳቡን ራስህ ሥራ። ግሪን ጎበዝ ነው፣ ሆል ኦፍ ፌምም (የምርጦች የክብር መዝገብ) ይገባዋል፣ ግን ዝናው ግማሹ ዕድሜ ነው።

አርኤፍኬ ያረጀሁ
እኔ ዲዮንን አልነካሁም። ግን ኳስ መንጠቅ ብቻ ቆጥረህ ኮርነርባክን አትመዝን። አብሮ ስንት ጊዜ ሰው ጣለ ብለህም ጠይቅ፣ ዲዮን ሰው መጣል ብዙም አይወድም ነበር።

ደግሞ ዕድሜ የምትለው ነገር በነጻ የመጣ ነው እንዴ? በዚያ ቦታ ላይ ፍጥነትህ ትንሽ ከቀነሰ ያለ ርህራሄ ነው የሚያሰናብቱህ። ግሪን የሊጉን የፈጣን ሰው ውድድር አራት ጊዜ አሸንፏል። በ1999 ወጣቱን ኮርነርባክ ቻምፕ ቤይሊን መረጡ፣ በ2000 ራሱን ዲዮንን አመጡ። ግሪን አላኮረፈም። ሦስተኛ ኮርነር ሆኖ መሐል እየገባ ተጫወተ። ስንቱ ኮከብ ነው እንዲህ የሚያደርገው?

ጠያቂው፣ ለልጅህ ይቺን አሳየው፤ ጥር 1988፣ ቺካጎ ሶልጀር ፊልድ፣ ፕለይኦፍ (የጥሎ ማለፍ ጨዋታ)፣ አጥንት የሚሰብር ብርድ። የቺካጎው ቡድን ቤርስ 14 ለ 0 መርተው ነበር፣ ዋሽንግተን አቻ አደረገች። ሦስተኛው ኳርተር (የጨዋታው ሩብ) ላይ ቺካጎዎች በእግር አርቀው የለጉትን ኳስ ግሪን ተቀብሎ ዳር ዳሩን ሮጠ። እግሩ ሥር የመጣውን ሰው ዘሎ አለፈው፣ በዚያው ዝላይ የጎድን አጥንቱ አካባቢ ተጎዳ። ቪዲዮው ላይ በግልጽ ይታያል፣ በአንድ እጁ ኳሷን በሌላው ጎኑን ይዞ ነው የሚሮጠው። 52 ያርድ፣ ታችዳውን (ግብ እንደማለት ነው)። 21 ለ 17 አለቀ።

በሳምንቱ ከሚኒሶታ ቫይኪንግስ ጋር ጎኑ ሳይድን ገባ። 17 ለ 10 እየመሩ፣ አንድ ደቂቃ እንኳን አልቀረም፣ ቫይኪንጎች ከግቡ 6 ያርድ ላይ የመጨረሻ ሙከራቸው ነው። ኳሱ የግብ መስመሩ ላይ ወደ ዳሪን ኔልሰን ተወረወረ። ኔልሰን እጁን ሲዘረጋ ግሪን ደረሰበት፣ ኳሱ ወደቀ። በቀጥታ ሱፐርቦል (የሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ)፣ እዚያም ዴንቨርን 42 ለ 10። በ1992 ደግሞ ቡፋሎን አሸንፈው ሁለተኛውን ወሰደ። ተከላካይ ምን አድርጎ ይወደዳል ላልከው መልሴ ይሄ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለሁ
ወሬያችሁ ደስ ይላል፣ ግን እኔ እናት ነኝና ሌላውን ልንገራችሁ። ያኔ ቤርስ ውስጥ ዴቭ ዱርሰን የሚባል ተከላካይ ነበር። እሱም በዚያው በ1983 ድራፍት የገባ ነው። በ2011 በ50 ዓመቱ ራሱን አጠፋ፣ አንጎሉ ለምርምር እንዲሰጥም ተናዝዞ ነበር። ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ሲመረምረው ሲቲኢ ተገኘበት፣ በተደጋጋሚ የጭንቅላት ምት የሚመጣው በሽታ። ይሄ በሽታ ሰው በሕይወት እያለ አይረጋገጥም። ስለዚህ አባትየው፣ ትንሽ ነው ትልቅ ነው ከማለት ይልቅ አሰልጣኙ ልጆቹን እንዴት ሰው እንዲጥሉ እንደሚያስተምራቸው ሄደህ ተመልከት። ጭንቅላታቸውን አስቀድመው የሚገቡ ከሆነ ልጅህን ይዘህ ውጣ። ከተመታም "ደህና ነኝ" ሲልህ አትመነው፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት።

የአሌክሳንድሪያው አባት
እህቴ ተባረኪ። ማክሰኞ ልምምድ አላቸው፣ ሄጄ ቆሜ አያለሁ። ጋሼ፣ የሶልጀር ፊልዱን አሁን አየነው፣ ልጁ እየደጋገመ እያስጀመረው ነው። እኔንም ጎኔን አመመኝ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ 20 ዓመት ሙሉ ሌላ ክለብ ብር አውጥቶ አልወሰደውም?

አርኤፍኬ ያረጀሁ
ከ1993 ወዲህ ተጫዋች ውሉ ሲያልቅ ወደፈለገበት መሄድ ይችላል፣ እሱ ግን ቆየ። ሥሩ እዚሁ ነበር። በ1988 ለልጆች ትምህርት የሚሆን ድርጅት እዚህ አቋቁሟል፣ በ1996 ሊጉ የዓመቱ ምርጥ ሰው ብሎ የሸለመውም ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው። በ2008 ሆል ኦፍ ፌም ሲገባ አብሮት የገባው የራሱ ቡድን ሰው አርት ሞንክ ነው፣ ዲሲ ያን ቀን ሠርግ ነበር።

ዳላስ ነኝ
ሁላችሁም ዝም ብላችሁ ያለፋችሁትን እኔ ልንገራችሁ። ያ ዶርሴትን ያዘው የምትሉት ጨዋታ ላይ በእረፍት 23 ለ 3 ስትመሩ ነበር። በመጨረሻ 31 ለ 30 ያሸነፍነው እኛ ነን። ልጁ ሮጠ፣ ውጤቱ ግን የኛ 😄

አርኤፍኬ ያረጀሁ
ትዝ ይለኛል፣ አላስፈለገም ነበር 😄 ካነሳኸው ግን የመጨረሻ ጨዋታውንም አንሳ። ታኅሣሥ 29፣ 2002፣ እንደገና ከናንተው ጋር። 20 ለ 14 እኛ። የናንተ ኮከብ ሯጭ ኤሚት ስሚዝም ለዳላስ የመጨረሻው ቀን ነበር፣ 18 ጊዜ ኳስ ይዞ 13 ያርድ ብቻ።