ሁለቱ ኦሲሌተሮች የት ገቡ? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ስሌት ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ።

ነገሩ የድሮው ስትሪንግ ቲዮሪ ነው፤ ቅንጣቶችን እንደሚርገበገቡ ጥቃቅን ክሮች የሚያይ የፊዚክስ ንድፈ ሐሳብ። ኦሲሌተሮች የምላቸው በየአቅጣጫው ያሉትን የክሩን ርግብግቦች ነው። ቬኔዚያኖ እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጣው የቅንጣቶች ግጭት ቀመር ብቻውን ዩኒታሪቲን፣ ማለትም የዕድሎች ድምር 1 መሆን አለበት የሚለውን ሕግ፣ አያሟላም። እንዲያሟላ ሉፖች (ቅንጣቶች በመሃል የሚዞሩባቸው ቀለበቶች) መጨመር አለባቸው። ኪካዋ፣ ሳኪታና ቪራሶሮ በ1969 መንገዱን ጠቆሙ። እስከዚህ ገብቶኛል።

የከበደኝ ፕላናር ያልሆነው (ሥዕሉ መስመሮች ሳይቋረጡ ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ የማይሳለው) ባለ አንድ ሉፕ አምፕሊቲዩድ፣ ማለትም የግጭቱን ዕድል የሚሰጠው መጠን ነው። ላቭሌስ በ1971 እንዳሳየው እዚያ ውስጥ ዩኒታሪቲን የሚያፈርስ ከት (ፈንክሽኑ የሚቆራረጥበት መስመር) አለ። የስፔስታይም ልኬት 26 ሲሆን ግን ከቱ ወደ ፖል (ፈንክሽኑ ወሰን አልባ የሚሆንበት ነጠላ ነጥብ) ይቀየራል። ፖል ደግሞ ቅንጣት ነው፤ ዛሬ ዝግ ስትሪንግ የምንለው። በጣም ደስ ይላል! ግን ይህ የሚሠራው የ24 አቅጣጫ ኦሲሌተሮችን ብቻ ስቆጥር ነው።

26ቱንም ይዤ በያኮቢ ትራንስፎርሜሽን (ተለዋዋጭ መቀየሪያ ቀመር) ከሉፑ ተለዋዋጭ ደብልዩ ወደ አዲሱ ተለዋዋጭ ኪው ስሻገር፣ አንድ የኪው ሎጋሪዝም ከክፍልፋዩ ታች ተንጠልጥሎ ይቀራል። በ24 ሳደርገው ሙልጭ ብሎ ይጠፋል።

ከሁለቱ ትርፍ የኦሲሌተር ስብስቦች አንዱ በቪራሶሮ ሁኔታዎች (እውነተኛ የክር ሁኔታዎችን በሚለዩ ገደቦች) እንደሚወጣ ይታየኛል። ሁለተኛውስ? ብሪንክና ኦሊቭ በ1973 በፊዚካል ስቴት ፕሮጀክሽን ኦፕሬተር (እውነተኛ ሁኔታዎችን ብቻ በሚያስቀር ኦፕሬተር) እንደፈቱት አውቃለሁ። ኦፕሬተሩን ሉፑ ውስጥ ሳስገባው ግን ትሬሱ ላይ (በሉፑ የሚዞሩትን ሁኔታዎች ሁሉ የሚደምረው ስሌት ላይ) መንገዱ ይጠፋኛል።

እባካችሁ በጎስት ፊልድ (ትርፉን ለማጥፋት በኋላ በመጣው የስሌት ዘዴ) አትመልሱልኝ፤ እሱን ሠርቼዋለሁ። በዚያ ዘመን አካሄድ፣ ትሬሱን ደረጃ በደረጃ የሚያሳየኝ ሰው አለ? የሠራሁበትን ወረቀት ፎቶ አንስቼ እልካለሁ።