ጥያቄ፦ መሬቱን የተነጠቀ ሰው ልጅ እንዴት ጉቦ በላ ይሆናል? (ለልብ ወለድ)

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን
ሰላም ቤተሰብ። ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ደምሴ ይባላል። በ2002 ዓ.ም. ገና ልጅ ሳለ፣ ከተማው ዳር ያለው የአባቱ የገብስ ማሳ ለልማት ተብሎ ይወሰዳል። ካሳው ተሸራርፎ ይደርሳቸዋል፣ አባትየው ከተማ ገብቶ ዘበኛ ይሆናል። ደምሴ ሲያድግ ራሱ መሬት ቢሮ ተቀጥሮ ጉቦ መብላት ይጀምራል። ያነበቡልኝ ጓደኞቼ ግን «አላመንነውም፣ በደል የቀመሰ ሰው እንዴት መልሶ ይበድላል?» አሉኝ። አንዷማ «በቀል ነው በይና ተገላገዪ» አለች። በቀል ማድረግ አልፈልግም። ምን ላድርግ?

ጡረተኛው
ልጄ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት መሬት ሥራ ላይ ነው። መጀመሪያ ሕጉን አስተካክዪ። በ2002 የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 455/1997 ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የመሬቱ ዋጋ አይከፈልም። የሚከፈለው ለንብረቱ ነው። ለገበሬ ደግሞ ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ የመፈናቀያ ካሳ ይጨመርለታል። 15 እጥፍ የሚባለው በ2011 ከወጣው አዋጅ 1161 ጋር የመጣ ነው፣ እንዳታቀላቅዪው።

ለድርሰትሽ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። በ455ቱ አዋጅ ካሳው አነሰኝ ብሎ ይግባኝ የሚጠይቅ ባለይዞታ፣ መሬቱን ማስረከቡን የሚያሳይ ሰነድ ካላያያዘ ይግባኙ አይታይለትም ነበር። አስቢው እስቲ። አባትየው ለመከራከር መጀመሪያ ማስረከብ አለበት። ልጁ አባቱን ተከትሎ መዝገብ ቤት ይሂድና ይህን በጆሮው ይስማ። የሚማረው «መንግሥት ክፉ ነው» የሚለውን አይደለም። ወረቀቱ ያለው ሰው ሁሌም እንደሚቀድም ነው። መሬት ቢሮ የሚቀጠረውም ለዚህ ይሁን።

የባሶ ልጅ
የእኛም ማሳ ሄዷል፣ ስለዚህ ከቤት ልንገርሽ። ገማቾች ሲመጡ ትልቁ ጉዳይ ባሕር ዛፍ ነው። አንድ በአንድ ይቆጠራል። ልጁን ኖራ የያዘ ጣሳ አስይዢው፣ የተቆጠረውን ግንድ እየቀባ ከኋላ ይከተል። ከዚያ አንዱ ገማች ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መቶ ሃያውን ሦስት መቶ ላድርግልህና እንካፈል?» ይበል። አባትየው «ያለው ይቆጠር» ይበል። አጥር የሚጋራው ጎረቤት ግን እሺ ይበልና እጥፍ ይውሰድ፣ ከተማ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ይሥራበት።

ማታ እናትየው እንጀራ እያቀረበች «እንግዲህ ልጆችህ እውነትህን ይብሉ» ትበለው። በቃ። ከዚህ በኋላ ስለ ሙስና አንድ ገጽ ንግግር አያስፈልግሽም። ልጁ ሐቀኝነት ዋጋ እንዳለው፣ ዋጋውንም የሚከፍሉት ልጆች እንደሆኑ ገብቶታል።

ቲቸር
የባሶ ልጅ የጻፈው ግሩም ነው፣ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። በደል ብቻውን ሰው አያበላሽም። ስንት የተፈናቀለ ሰው ነው ሳንቲም ሳይነካ የሚኖረው! በደሉን ብቻ ምክንያት ካደረግሽው ደምሴ የሚገፋ ዕቃ ይሆናል። ስለዚህ እህት ስጪው። እሷም ያንኑ ኖራ የቀባች፣ ያንኑ የእናቷን ቃል የሰማች። እሷ ሌላ መንገድ ትያዝ።

ደግሞ ሙሉ በሙሉ አታክፊው። የዕድሩ ገንዘብ ያዥ አድርጊው፣ የዕድር ብር ላይ እጁ ንክች አይበል። ለሰፈሩ ታማኝ፣ ለመንግሥት ሌባ። እንዲህ ያለ ሰው ሁላችንም እናውቃለን፣ ስለዚህ አንባቢ ያምነዋል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ግን እሱ እንዳይተርት፣ ሌሎች ይተርቱበት።

ወረፋ የሰለቸው
የመጀመሪያውን ጉቦ ጥሬ ብር አታድርጊው። ፋይሉ የተሟላለት፣ መብቱ የሆነ ሰው ይምጣ፣ ፊርማ ብቻ የቀረው። ደምሴ ዛሬውኑ ይጨርስለትና ሰውየው በማግስቱ በራሱ ፈቃድ አንድ ማዳበሪያ ባቄላ ይዞ ከተፍ ይበል። ማን ተጎዳ? ማንም። በሁለተኛው ፋይል ግን እጁ ፊርማው ላይ ትንሽ ይዘግይ፣ ባቄላው እስኪመጣ። ይህቺን መዘግየት በደንብ ጻፊያት። ሁላችንም ቢሮ ደጅ የጠናነው እሷን ነው።

ጠያቂ
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! የኖራውን ነገር ወስጄዋለሁ። ጋሼ ጡረተኛው፣ አንድ ልጠይቅዎ። በመጨረሻ ደምሴ በሐሰት የሚያስፈርመው ባለይዞታ የማያውቀው ሰው ቢሆን ይሻላል ወይስ ያ ጎረቤታቸው? ጎረቤት ካልኩ ተመልሶ በቀል ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ።

ጡረተኛው
ጎረቤቱን ተይው። የደምሴን አባት የማያውቅ፣ ማንበብ የማይችል፣ ከገጠር የመጣ ሽማግሌ ይሁን። አረንጓዴውን የመሬት ይዞታ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ይምጣና «ልጄ፣ ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቀው። ደምሴ ያንብብለት፣ አንድ መስመር ይዝለል። አውራ ጣቱን ቀለም ያስነካውና ያስፈርመው። ደግሞ ትሕትናው አይጉደል፣ ወንበር ይስጠው፣ «አባባ» ይበለው። እኔ ያየኋቸው እንደዚያ ነበሩ።

የባሶ ልጅ
ዘበኛው አባት ደግሞ በስስ ካፖርት እንዳያድር አደራ። ደብረ ብርሃን ነው ያልሽን፣ በርኖስ አልብሺው።