ጎርናና የወንድ ድምፅ ላለው ተራኪ የትኛው ማይክሮፎን ይሻላል? በጀቴ 150 ዶላር ነው

ጠያቂ፦ የጎሮው ተራኪ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። አዲስ አበባ ጎሮ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ የምኖር ስሆን፣ የአማርኛ ልቦለዶችን በድምፅ ለመተረክ፣ ሥራ ሲገኝም ለማስታወቂያና ለዘጋቢ ፊልም ለማንበብ እየተዘጋጀሁ ነው። ድምፄ ወፍራምና ጎርናና ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ልቦለድ ሲተርክ ወላጆቼ የያዙትን ሥራ አቁመው ያዳምጡ እንደነበር እየነገሩኝ ስላደግሁ፣ ትረካን የማየው በሚገባ ተጠንቅቆ ሊሠራ እንደሚገባው ሙያ ነው።

አሁን የምቀዳው ከጓደኛዬ በተዋስኩት ርካሽ ኮንደንሰር (ትንሹን ድምፅ እንኳ የሚይዝ ዓይነት) ማይክሮፎን ነው። ቅጂውን ያሰማኋቸው ሰዎች ሁሉ የሚሰጡኝ አስተያየት ተመሳሳይ ነው፤ ድምፁ ያምራል፣ ቃላቱ ግን ተለይተው አይሰሙም ይሉኛል። በተለይ ዓረፍተ ነገሩ ሊያልቅ ሲል ድምፄን ዝቅ ሳደርግ ንባቡ ወደ ጉምጉምታ ይለወጣል። ከበስተጀርባም የማያቋርጥ የሽሽታ ድምፅ አለው። የምቀዳበት ክፍል ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር ነው፤ ጣሪያው ኮንክሪት፣ ወለሉ ሴራሚክ ሲሆን መስኮቱ ታክሲ ወደሚመላለስበት መንገድ ይከፈታል።

የአክስቴ ልጅ ለገና ከዋሽንግተን አካባቢ ስለሚመጣ ዕቃውን እዚያው ገዝቶ ሊያመጣልኝ ፈቃደኛ ሆኗል። ለሁሉም ነገር ያለኝ 150 ዶላር ነው፤ ላፕቶፕ አለኝ፣ ሳውንድ ካርድ (ማይክሮፎንን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ) ግን የለኝም። ለወፍራም ድምፅ ተብሎ የተሠራ ማይክሮፎን አለን? ዳይናሚክ (ጠጋ ብለው የሚናገሩበትን ዓይነት) ልግዛ ወይስ የተሻለ ኮንደንሰር?

መልስ፦ የስቱዲዮ ሰው

ወንድሜ፣ የማይክሮፎኑን ስም ከመጥራታችን በፊት ጉምጉምታው ከየት እንደሚመጣ እንመልከት፤ ምክንያቱ ካልታወቀ አዲሱም ማይክሮፎን ያንኑ ይደግመዋል።

የአዋቂ ወንድ ድምፅ መሠረታዊ ንዝረት በአብዛኛው በ85 እና በ155 ሄርትዝ (በሰከንድ የሚነዘርበት ቁጥር) መካከል ይገኛል፤ ጎርናና የሚባለው ድምፅ ደግሞ ወደ ታችኛው ጫፍ ይጠጋል። አሁን ክፍልዎን እናስላ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ የሚጠናከረው ዝቅተኛ ድምፅ የሚገኘው 343ን ለርቀቱ እጥፍ በማካፈል ነው። በ3 ሜትሩ ወርድ 57 ሄርትዝ፣ በእጥፉም 114 ይሆናል። በ4 ሜትሩ ርዝመት 43፣ በእጥፉ 86 ይሆናል። ጣሪያው 2.70 ሜትር ቢሆን 64 እና 127 ይመጣል። እንግዲህ 86፣ 114 እና 127 ሄርትዝ ሁሉም በእርስዎ ድምፅ መሠረት ላይ ያርፋሉ ማለት ነው። ቀጭን ድምፅ ያላት ሴት እዚያው ክፍል ውስጥ ብታነብ ይህን ያህል አትቸገርም፤ እርስዎ ግን በተናገሩ ቁጥር ክፍሉ አብሮዎት ይናገራል።

በዚህ ላይ የማይክሮፎኑ ጠባይ ይጨመራል። ከፊት ለፊቱ የሚመጣውን ድምፅ ለይቶ እንዲቀበል የተሠራ ማይክሮፎን፣ ማለትም በተለምዶ ካርዲዮይድ የምንለው፣ አፍ በቀረበው መጠን ዝቅተኛውን ድምፅ እያጎላ ይሄዳል። ቀጭን ድምፅ ያላቸው አንባቢዎች ይህን እንደ በረከት ይጠቀሙበታል፤ እርስዎ ግን ያለዎትን ቤዝ በቤዝ ላይ እየደረቡ ነው። የሚጎድልዎት ቃል ከቃል የሚለይበት የላይኛው ክፍል ነው፤ እሱም ከ2,000 እስከ 5,000 ሄርትዝ ባለው አካባቢ ይገኛል። ስለዚህ «ቤዝ የሚሰጥ» እየተባለ የሚወደስ ማይክሮፎን ለእርስዎ አይበጅም።

ለወፍራም ድምፅ የተሠራ አለን ላሉት፣ ለዚህ በጣም የቀረበው የኤሌክትሮ ቮይስ አርኢ20 ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ የሬዲዮ ጣቢያዎች የተለመደ ሲሆን፣ የውስጥ አሠራሩ አፍ ሲቀርብም ሲርቅም ቤዙ እንዳይለዋወጥ ያደርጋል። ዋጋው ግን ከበጀትዎ በብዙ ይበልጣል። በርቀትና በኢኪው (የድምፅን ክፍሎች ለየብቻ በሚያጎላና በሚቀንስ ማስተካከያ) ከውጤቱ ብዙውን ማግኘት ስለሚቻል አይቆጭዎት።

መልስ፦ ማይክና ገመድ

የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ወደ ግዢው ልግባ።

መንገድ ዳር ላለ፣ ጣሪያው ኮንክሪት ለሆነ ክፍል ዳይናሚክ እንዲገዙ እመክራለሁ። ሰዎች ዳይናሚክ ጫጫታ «ይከለክላል» ሲሉ ይሰማል፤ በእርግጥ የሚሆነው ግን ዳይናሚክ ድምፅ የሚሰማው በደካማው ስለሆነ ወደ አፍ ጠጋ ብለን እንድንቀዳበት ያስገድደናል፣ በቀረብን መጠንም የእኛ ድምፅ ከታክሲው ድምፅ ይበልጣል። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ይቀንሳል፣ የክፍሉ ድምፅ ግን ባለበት ይቆያል። ለእርስዎ ከባዱ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው፤ ቢጠጉ ቤዙ ይከመራል፣ ቢርቁ ክፍሉና መንገዱ ይገባል። ስለዚህ በመካከለኛ ርቀት፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ሆነው፣ ቀሪውን ቤዝ በኢኪው መቁረጥ ይኖርብዎታል። ከ75 ሄርትዝ በታች ያለውን በሎው ከት ያንሱ፤ ከ200 እስከ 300 ባለው አካባቢ ደግሞ ከ2 እስከ 4 ዴሲቤል ዝቅ ያድርጉ። ከዚያ በላይ ከቀነሱ ድምፅዎ ግርማ ያጣል።

ከሞዴሎቹ ውስጥ የእኔ ምርጫ ሳምሰን ኪው2ዩ ነው። ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር በታች ይገኛል፤ በዩኤስቢም በኤክስኤልአርም (ወደ ሳውንድ ካርድ በሚሰካው የድምፅ ገመድ) ይሠራል፤ የጠረጴዛ ማቆሚያ፣ የስፖንጅ መሸፈኛና ሁለቱም ገመዶች አብረውት ይመጣሉ። ዛሬ ላፕቶፕዎ ላይ ሰክተው ይጀምራሉ፣ ነገ ሳውንድ ካርድ ሲገዙም ማይክሮፎኑን አይጥሉትም። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያው በራሱ በማይክሮፎኑ ላይ ስላለ ድምፅዎን ሳይዘገይ ይሰሙታል። መብራት ቢጠፋም ማይክሮፎኑ ኃይል የሚያገኘው ከላፕቶፑ ስለሆነ የጀመሩትን ምዕራፍ በባትሪ መጨረስ ይችላሉ፤ ይህ በእኛ አገር ቀላል ጥቅም አይደለም። በተረፈው ገንዘብ ጆሮ የሚሸፍን ማዳመጫና በጠረጴዛው ላይ የሚታሰር ክንድ ይግዙ።

ሹር ኤስኤም58ም መልካም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በመድረክ ላይ ያለ፣ ዝቅተኛው ድምፅ ቀነስ፣ መካከለኛው ከፍ ብሎ እንዲሰማ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ለወፍራም ድምፅ ይስማማል። ነገር ግን ሳውንድ ካርድ ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ 150 ዶላሩ አይበቃም። ሁሉም ሰው የሚያወራለትን የሹር ኤስኤም7ቢ ለጊዜው ይርሱት፤ ዋጋው ብቻ አይደለም ችግሩ፣ 60 ዴሲቤል ያህል ጌይን (ማጉላት) ስለሚፈልግ በርካሽ ሳውንድ ካርድ ላይ ያንኑ የሸሹትን ሽሽታ መልሶ ያመጣብዎታል።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ኤስኤም58 በዓለም ላይ አስመስለው ከሚሠሯቸው ማይክሮፎኖች አንዱ ስለሆነ፣ በአክስትዎ ልጅ በኩልም ሆነ ከመርካቶ ሲገዙ ዋጋው ከሌላው ሻጭ እጅግ የወረደ ከሆነ አይግዙ። እሱ አሜሪካ ውስጥ ከታወቀ የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ቢገዛው ይመረጣል።

መልስ፦ የመጽሐፍ ድምፅ

ከላይ ያሉትን ወንድሞቼን አከብራለሁ፤ ሆኖም በአንድ ነገር አልስማማም። ጠያቂው በዋናነት ሊሠራ ያሰበው የመጽሐፍ ትረካ ነው። የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ ላይ ትንሽ ሽሽታ በሙዚቃ ይሸፈናል፤ ለሰዓታት በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ መጽሐፍ ላይ ግን ጸጥታው ራሱ ይሰማል። የአማዞኑ የድምፅ መጽሐፍ መድረክ ኤሲኤክስ ከተራኪዎች የሚጠይቀው የጸጥታ ወለል (ማንም ሳይናገር የሚሰማው የጀርባ ድምፅ) ከ-60 ዴሲቤል እንዳይበልጥ፣ አማካይ ድምፁ በ-23 እና በ-18 መካከል እንዲሆን፣ ከፍተኛው ጫፍም ከ-3 እንዳያልፍ ነው። የአማርኛ መጽሐፍ ወደዚያ ባይላክም እንኳ ይህ ጥሩ መለኪያ ነው፤ ሥራዬን ሁሉ በዚህ እመዝነዋለሁ።

ለዚህ ጸጥታ ጥሩ ኮንደንሰር ይበልጣል። ጥሩ የምለው የራሱ ሽሽታ ዝቅተኛ የሆነውን ነው። ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ2020 ወደ 100 ዶላር የሚሸጥ ታዋቂ ማይክሮፎን ነው፤ የራሱ ሽሽታ 20 ዴሲቤል ነው። ታላቅ ወንድሙ ኤቲ2035 12 ዴሲቤል ሲሆን፣ በላዩ ላይ ከ80 ሄርትዝ በታች የሚቆርጥ ማብሪያ አለው፤ ለወፍራም ድምፅ ይህ ማብሪያ ዋጋ አለው። ሮድ ኤንቲ1 ከሁለቱም እጅግ ጸጥ ያለ ነው፣ ዋጋው ግን ከበጀትዎ ያልፋል። ኤቲ2035ም 48 ቮልት ፋንተም ፓወር (በገመዱ በኩል ለማይክሮፎኑ የሚላክ ኃይል) የሚሰጥ ሳውንድ ካርድ ስለሚፈልግ አሁን ላይ ከአቅም በላይ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ ምክሬ ኪው2ዩን ገዝተው ይጀምሩ፣ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች የሚገኘውን ገንዘብ ግን ለሌላ ዳይናሚክ ሳይሆን ለኤቲ2035ና ለሳውንድ ካርድ ያስቀምጡ የሚል ነው።

ስለ ቋንቋችንም አንድ ነገር ልበል፤ በውጭ ቋንቋ የሚሰጡ ምክሮች ይህን አያነሱትምና። ጠ፣ ቀ፣ ጨ እና ጸ ስለታም ድምፆች ናቸው፤ ከወፍራም ድምፅ ጋር ሲሆኑ ከጉምጉምታው መካከል እንደ ምት ብድግ ይላሉ። ቤዙን ትተው እነሱን ለማለስለስ ሲሉ የላይኛውን ድምፅ አይቁረጡ፤ አማርኛ ጥርት ብሎ የሚሰማው በእነሱ ነው። በ እና ፈ ደግሞ አየር ይገፋሉ። ማይክሮፎኑን ከአፍዎ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን፣ ወደ አፍ ጥግ ዘንበል አድርገው ቢያስቀምጡት አየሩ አልፎት ይሄዳል፤ ቤዙም በመጠኑ ይረግባል።

ደግሞም አብዛኛው አድማጭዎ የሚሰማዎት በስልክ ነው። የስልክ ድምፅ ማጉያ ከ300 ሄርትዝ በታች ያለውን እጅግ አዳክሞ ነው የሚያወጣው። የድምፅዎ ወፍራምነት ለአድማጩ የሚደርሰው ከመሠረቱ በላይ ባሉት ተከታታይ ንዝረቶች በኩል ነው፤ የጎደለውን መሠረት ጆሮ ራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ ቅጂዎን ሁልጊዜ በስልክ ጭምር ያዳምጡ፤ እዚያ ላይ እያንዳንዱ ቃል ከተለየ ሥራው ተሳክቷል።

ጠያቂ፦ የጎሮው ተራኪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ኪው2ዩ እንዲገዛልኝ ለአክስቴ ልጅ ጽፌለታለሁ። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፤ በገበያ የሚሸጠውን ጥቁር ስፖንጅ ግድግዳው ላይ ብለጥፍ የ86ና የ114 ሄርትዙ ችግር ይወገዳልን?

መልስ፦ የስቱዲዮ ሰው

አይወገድም። የ100 ሄርትዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ያህል ነው፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ አይገታውም። ስፖንጁ የሚውጠው የላይኛውን ድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ ክፍሉን በእሱ ቢሸፍኑት ጥራቱ ይቀንስና ጉምጉምታው ለብቻው ይቀራል፤ ለእርስዎ ድምፅ ከባዶ ግድግዳም የከፋ ሊሆን ይችላል።

ያንን ገንዘብ ይቆጥቡና ያለዎትን ዕቃ ይጠቀሙ። ሴራሚኩ ላይ ወፍራም ምንጣፍ ያንጥፉ፤ ትርፍ ፍራሽ ካለ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል አርቀው ከጀርባዎ ያቁሙ፤ ልብስ የሞላውን ቁም ሣጥን ከፍተው በጎንዎ ያድርጉት። መስኮቱን ወፍራም ብርድ ልብስ ያልብሱት። ከሁሉም በላይ ግን የመቀመጫዎ ቦታ ይወስናል። ጥግ ላይ ወይም ግድግዳ ተጠግተው አይቀመጡ፤ ቤዝ የሚከማቸው እዚያ ነው። የክፍሉ እኩሌታ ላይም አይሁኑ፤ 86ና 114 የሚጠናከሩት እዚያም ነው። በርዝመቱም በወርዱም ከእኩሌታው ትንሽ ወደ አንድ ወገን ፈቀቅ ይበሉ።

የአክስትዎ ልጅ እስኪመጣ ድረስ በተዋሱት ማይክሮፎን አንድ አንቀጽ መርጠው በ10፣ በ15 እና በ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ያንብቡ፤ ከዚያም መቀመጫዎን ቀይረው ያንኑ ይድገሙ። ርቀቱን ሲጨምሩ ጉምጉምታው ከቀነሰ የማይክሮፎን አቀራረብ ጉዳይ ነበር፤ ቦታ ሲቀይሩ ከቀነሰ ግን ክፍሉ ነው። ቅጂዎቹን እዚህ ቢያስቀምጡልን ሰምተን የትኛውን ሄርትዝ መቁረጥ እንዳለብዎት ለይተን እንነግርዎታለን።