ችሎታ ልበል፣ ብቃት ወይስ ክህሎት?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ የብየዳ ቤት አለችኝ። አራት ዓመት አብሮኝ የሠራ ልጅ ደሴ ሥራ ሊያመለክት ነውና የምስክር ደብዳቤ ጻፍልኝ አለኝ። ከብረቱ ይልቅ ቃሉ አስቸገረኝ!

መጀመሪያ «ጥሩ ችሎታ አለው» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ «ብቃት» ይሻል ይሆን አልኩ፤ ግን ብቃት በፈተና የተመዘነ ነገር አይመስላችሁም? የብቃት ማረጋገጫውን ደግሞ ልጁ ገና አልተፈተነም። «ክህሎት» ስልጠና ስልጠና ይሸታል፤ ከግእዙ «ክህለ» የመጣ ስለሆነ ከ«ቻለ» ጋር ዘመድ ነው፣ ግን ኮስተር ያለ ዘመድ። «አቅም» ካልኩ ጉልበቱን ወይ ገንዘቡን የማወራ ይመስላል። «ተሰጥኦ» ሲወለድ ይዞት የመጣ ያስመስላል፤ እሱ ግን ስንቴ እጁ እየተቃጠለ ነው የተማረው።

እናቴ «ቻይ ልጅ ነው በልና ጨርስ» አለችኝ። ትዕግሥቱን ማለቷ ነው፤ ሙቀቱንም የኔን ቁጣም ችሏል። ቀጣሪው ግን «ሁሉን መሥራት የሚችል» ብሎ ቢረዳውስ?

ደብዳቤው ለሰኞ ይፈለጋል። በርና መስኮት ብቻውን ለክቶ፣ ቆርጦ፣ በይዶ ያስረክባል። ለዚህ የትኛው ቃል ይስማማል? ወይስ ቃሉን ትቼ ሥራውን ልዘርዝር?